ቢትወደድና ባለሟል፤ የጎንደር ቤተ መንግሥት ከእስፓኝ ነገሥታት አደባባይ ጋር ሲነጻጸር

በ1604 ዓ.ም. ዐፄ ዘድንግል ለእስፓኝ ንጉሥ ለፊልጶስ 3ኛ ደብዳቤ ላኩ። ከጠየቁትም ነገር ዋናው ወታደርና የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች እንዲመጡላቸው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) መልእክቱን ያስተላለፈው ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ የካስቲልያ ተወላጅ ነው፤ ከ1580 እስከ 1640 ድረስም የፖርቱጋልና የእስፓኝ ዘውድ በአንድ ንጉሥ ራስ ላይ ስለ ነበረ፥ የኢትዮጵያ ነገሥታት በጎኣና በሊዝቦን በኩል ወደ ኤውሮፓ ሲጽፉ የሚጽፉት ለእስፓኝ ንጉሥ ነበር። ደብዳቤው ግን ከታሰበበት ሳይደርስ ዐፄ ዘድንግል በዚያው ዓመት በገዛ መኳንንታቸው በእነ ራስ ዘሥላሴ እጅ ደምብያ ላይ ተገደሉ። ዐፄ ሱስንዮስም ከነገሡ በኋላ በ1607 እንዲሁ ለዚያው ንጉሥ ጻፉ።

ይህ የደብዳቤ መለዋወጥ እስካሁን በአብዛኛው የተጠናው በሃይማኖት ክርክር ታሪክ ውስጥ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ነገሥታት ሥልጣናቸው ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን ያምኑ ነበር፤ ሁለቱም በደጃቸው ብዙ ደጅ ጠኚ ነበራቸው፤ ሁለቱም በስጦታ ያስተዳድሩ ነበር። ታዲያ አንዱ መንግሥት ደካሞች ነገሥታት ሲነግሡበት አካሉ ሳይፈርስ ሲቆይ፥ ሌላው በ1769 ንጉሡ ከተገደሉ በኋላ እስከ 1855 ድረስ በመሳፍንት እጅ የተከፋፈለው ስለ ምንድን ነው? የዚህ መልስ ዘወትር በአንድ ሰው ወይም በአንድ ወገን ላይ ሲጣል ይሰማል። አንዳንዱ እቴጌ ምንትዋብን፥ አንዳንዱ የዐፄ ኢዮአስን የወሎ ዘመዶች፥ አንዳንዱም ራስ ሚካኤል ስሑልን ይወቅሳል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ነገሩ ከሰዎቹ ጠባይ ይልቅ ከስጦታው ሥርዓት የመነጨ መሆኑን ማሳየት ነው።

ከሰፈር ወደ ከተማ

የሁለቱ አገሮች ነገሥታት አስቀድሞ የተወሰነ መቀመጫ አልነበራቸውም። የካስቲልያ ነገሥታት ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወሩ ኖረው፥ ፊልጶስ 2ኛ በ1561 ቤተ መንግሥታቸውን በማድሪድ አጸኑ። የእኛም ነገሥታት በድንኳን ሰፈር ይኖሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር ሲገልጽ፥ የንጉሡ ድንኳን ከመካከል፥ የቀኝና የግራ ሹማምንት በየወገናቸው፥ ቤተ ክርስቲያኖቹና ገበያው በየተወሰነላቸው ስፍራ ይተከሉ እንደ ነበር ጽፏል። ሰፈሩ ወደየትም ቢነሣ ሥርዓቱ አይለወጥም ነበር፤ ሰው ማዕረጉ ምን እንደ ሆነ ከድንኳኑ ስፍራ ይታወቅ ነበር።

ዐፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲመሠርቱ ይህ የሰፈር ሥርዓት በድንጋይ ተተከለ ማለት ይቻላል። የነገሥታቱ ግንቦች በአንድ ቅጥር ውስጥ፥ የአቡኑና የእጨጌው ሰፈሮች በየወገናቸው፥ የእስላም ነጋዴዎችና የቤተ እስራኤል ጠበብት መኖሪያዎችም እንደዚሁ ተለይተው ተመሠረቱ። በ1668 ዐፄ ዮሐንስ 1ኛ በጉባኤ ያስወሰኑት የመለየት አዋጅ ይህን አከፋፈል በሕግ አጸናው።

እዚህ ላይ አንድ የቈየ አስተያየት መመርመር ይገባል። የጎንደር ግንቦች የፖርቱጋሎች ሥራ ናቸው ሲባል ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገር ግን ኢየሱሳውያን የተባረሩት ጎንደር ከመመሥረቷ ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ዐፄ ፋሲል የመጣው አል ሐይሚም የግንቡ ሠሪ ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፓኤዝ በጎርጎራ ለንጉሡ በድንጋይ ቤት እንደ ሠራ አይካድም፤ በኖራ የመገንባትም ልምድ በዚያው ዘመን ተስፋፍቷል። እንግዲህ ጥበቡ ከብዙ ወገን የተሰበሰበ ሲሆን፥ ሰብሳቢው የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ፊልጶስ 2ኛም ከ1563 እስከ 1584 ኤስኮሪያል የተባለውን ገዳምና ቤተ መንግሥት ሲያሠሩ ሠዓሊና ቀራፂ ያስመጡት ከኢጣልያ ነበር፤ ይሁን እንጂ ኤስኮሪያልን የኢጣልያ ቤተ መንግሥት ነው የሚል የለም።

የንጉሥ መሰወር

ንጉሥ የሚታየው ባለመታየቱ ነው የሚል የአገዛዝ ጥበብ በሁለቱም አገሮች እናገኛለን። አልቫሬዝ እንደሚለው ዐፄ ልብነ ድንግል ለሕዝብ የሚገለጡት በዓመት ሦስት ጊዜ፥ ማለትም በልደት፥ በትንሣኤና በመስቀል በዓል ነበር። በጎንደርም ዘመን ቃለ ሐፄ የሚባል ሹም የንጉሡን ቃል ተቀብሎ ለጉባኤው ያሰማ ነበር። በዙፋን ችሎት ላይ ደግሞ ፍርድ የሚሰጠው ከታናሹ ዳኛ ተጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ሲሆን፥ ንጉሡ የሚናገሩት በመጨረሻ ነው። ይህም ታናሹ በታላቁ አሳብ እንዳይጐተት የተሠራ ብልኅ ሥርዓት ነው፤ ለንጉሡም የሁሉን ልብ ሳይገለጡ ለመመርመር ጊዜ ይሰጣቸዋል።

በእስፓኝ በ1548 ከቡርጎኝ የተወሰደው የቤተ መንግሥት ሥርዓት ተመሳሳይ ዓላማ ነበረው። የማድሪድ ቤተ መንግሥት ክፍሎች አንዱ ከአንዱ ተያይዘው የተሠሩ ሲሆኑ፥ እስከ የትኛው ክፍል መግባት እንደሚፈቀድ በማዕረግ የተወሰነ ነበር። የእልፍኝ ሹማምንት የወርቅ ቍልፍ በወገባቸው ይይዙ ነበር፤ ታላላቆቹ መሳፍንትም በንጉሡ ፊት ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ የመቆም መብት ነበራቸው። የእኛ እልፍኝ አስከልካይና አጋፋሪ ሥራቸው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ንጉሡን ለማየት የሚፈልግ እንግዳም ባልደረባ ካልተሰጠው በቀር ጉዳዩ አይቀርብም ነበር። የመሰወሩ ፍሬ ይህ ነው፦ ንጉሡ በራቁ መጠን፥ ወደ ንጉሡ የሚያቀርበው ሰው ይከብራል።

ቢትወደድና ቫሊዶ

ቢትወደድ የሚለው ማዕረግ ከግእዙ ብሕት ወደድ የመጣ ነው፤ ብቻውን የተወደደ ማለት ነው። በሰፈሩ ዘመን የቀኝና የግራ ሁለት ቢትወደዶች ነበሩ፤ በጎንደር ዘመን ግን ማዕረጉ ከራስነት ጋር ተጣምሮ የመንግሥቱ ዋና ሹም ስም ሆነ። እስፓኞች እንዲህ ያለውን ሰው ቫሊዶ ይሉታል፤ በንጉሡ ዘንድ ሞገስ ያገኘ ባለሟል ማለት ነው። ልዩነቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በእስፓኝ ቫሊዶነት የሕግ ማዕረግ አልነበረም፤ ሰዎች በሐሜት የሚጠሩበት ስም ነበር። በእኛ አገር ግን መወደድ ራሱ ሹመት ሆኖ ከመንግሥት ማዕረጎች መዝገብ ገባ።

የፊልጶስ 3ኛ ባለሟል የሌርማው መስፍን ከ1598 እስከ 1618 ድረስ ወደ ንጉሡ የሚወስደውን በር ሁሉ በእጁ ይዞ ነበር። በ1601 ቤተ መንግሥቱን ከማድሪድ ወደ ቫያዶሊድ አዛወረ፤ በ1606 መልሶ አመጣው፤ በዚህም ብዙ ሀብት አተረፈ። ዐፄ ዘድንግል በ1604 ሲጽፉ እንግዲህ የእስፓኝ ንጉሥ መቀመጫ ማድሪድ አልነበረም። መስፍኑ ውድቀቱ እንደ ቀረበ በተረዳ ጊዜ ከሮማ የካርዲናልነት ማዕረግ ስለ ተቀበለ፥ ማንም ሊነካው አልቻለም፤ የእርሱ ሰው የነበረው ሮድሪጎ ካልዴሮን ግን በ1621 በማድሪድ አደባባይ በሞት ተቀጣ። ይህን የሚያነብ ሰው የጎንደርን ታሪክ ያስታውሳል። የንጉሥ ቍጣ የወደቀበት መኰንን ወደ እጨጌ ቤት ሸሽቶ ደወል ሲይዝ፥ ወይም ቆብ ደፍቶ ሲመነኵስ ሕይወቱ ይድን ነበር። በሁለቱም አገሮች ቤተ ክርስቲያን ለወደቀ ባለሟል መጠጊያ ነበረች።

ባለሟልነት ዙፋኑን እስከ መድፈር ሊደርስ እንደሚችልም የጎንደር ታሪክ ያስረዳል። በዐፄ ቴዎፍሎስ ዘመን ከፍ ያለ ሹም የነበረው ዮስጦስ፥ ከነጋሢው ዘር የሚወለደው በእናቱ በኩል ብቻ ሲሆን በ1711 ነግሦ እስከ 1716 ገዝቷል። በእስፓኝ እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም። በ1643 የወደቀው የኦሊቫሬዝ መስፍን እንኳ፥ ከ22 ዓመት ያህል ሥልጣን በኋላ፥ በንጉሡ አንድ ትእዛዝ ከቤተ መንግሥት ወጣ። ባለሟሉን ያነሣ እጅ ባለሟሉን ሊጥል ይችል ነበርና ነው።

ስጦታና መሬት

የባለሟልነት ሥርዓት የቆመው በስጦታ ላይ ነው። የእስፓኝ ሊቃውንት የንጉሥን ስጦታ ሜርሴድ ይሉታል፤ ንጉሥ ለአገልጋዩ እንደ ድካሙ ካልከፈለ ፍትሕን አጓደለ ብለው ያስተምሩ ነበር። የእኛም ሰው ያገለገለ ይሾማል፥ ይሸለማል፥ ከግብር ይጠራል ብሎ ያምን ነበር። ደጅ መጥናት እንደ ውርደት አይቈጠርም ነበር፤ ጌታና ሎሌ የሚተዋወቁበት፥ የሚመዛዘኑበት ትምህርት ቤት ነበር። የግብሩም አዳራሽ ሰው በየማዕረጉ የሚቀመጥበት፥ ሞገሱ የጨመረና የቀነሰ ሁሉ በአደባባይ የሚታይበት መዝገብ ነበር።

ስጦታው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሹመት ነው፤ ይህ በንጉሡ ፈቃድ ተሰጥቶ በንጉሡ ፈቃድ ይነሣል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ለሙስና መውቀሻ ብቻ ሲጠቀስ ይሰማል። እንደ ታሪክ ምስክር ሆኖ ቢመረመር ግን ሌላ ነገር ያስተምራል፤ ተረቱ የተተረተበት መንግሥት ሽረት የማይቀርበት፥ ሹምም ይህን ዐውቆ የሚኖርበት መንግሥት ነበር። ሁለተኛው ስጦታ ጉልት ነው። ጉልት የሚባለው የባለ ርስቱን መሬት መውሰድ ሳይሆን፥ ባለ ርስቱ ለንጉሥ የሚከፍለውን ግብር ሌላ ሰው ወይም ደብር እንዲቀበል መፍቀድ ነው። ለደብር የተሰጠ ጉልት፥ ከዚያም ለካህናቱ የሚከፋፈለው ሪም፥ በግዝት የታሰረ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው፥ ተከታዮቻቸውም ጭምር፥ ስጦታውን ቢያፈርሱ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዙ እንዲሆኑ ይጻፍ ነበር።

የተጻፈበትም ስፍራ ትልቅ ቁም ነገር አለው። የጉልቱ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚገኘው በተቀባዩ ደብር የወርቅ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነው። ማለትም የስጦታው ማስረጃ በሰጪው ግምጃ ቤት ሳይሆን በተቀባዩ እጅ ይኖር ነበር። እስፓኞች በ1540 በሲማንካስ አምባ የመንግሥት መዝገብ ቤት አቋቁመው ነበርና፥ ለማን ምን እንደ ተሰጠ ንጉሡ በራሳቸው ወረቀት ማወቅ ይችሉ ነበር። በአሜሪካ አገሮች የሚሾም ሹምም ዘመኑ የተወሰነ ሲሆን፥ ሲሻር ሬሲደንሲያ በሚባል ምርመራ የሥራውን ሒሳብ ይሰጥ ነበር።

ይህን ስንል የእስፓኝ ነገሥታት ሀብታሞችና ጥንቁቆች ነበሩ ማለታችን አይደለም። ፊልጶስ 2ኛ በ1557፥ በ1575ና በ1596 ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸዋል፤ ልጃቸውም በ1607 እንደዚሁ። መንደርና የመስፍንነት ማዕረግ በገንዘብ እስከ መሸጥ ደርሰዋል። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ የሚመጣው ብር ነበራቸው፤ የንጉሡ ምክር ቤቶችና ፍርድ ቤቶችም ንጉሡ ደካማ ሲሆኑ ሥራቸውን አያቋርጡም ነበር። ከ1665 እስከ 1700 የነገሡት በሽተኛው ካርሎስ 2ኛ ልጅ ሳይወልዱ ሞተው ስለ ዙፋኑ ብዙ ዓመት ጦርነት ቢሆንም፥ ጦርነቱ ሲያበቃ የተገኘው መንግሥት አንድ ንጉሥ ያለው መንግሥት ነው።

ጥበብ በንጉሥ ጥላ ሥር

ስጦታው ያፈራውን መልካም ነገር መዝለል ፍትሕ አይሆንም። ዐፄ ኢያሱ 1ኛ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ ጣሪያው በመላእክት ፊት የተሸፈነው፥ የዚህ ሥርዓት ልጅ ነው። አዛዥ ተክለ ሥላሴ የሱስንዮስን፥ ሲኖዳ የበካፋን ዜና መዋዕል የጻፉት በቤተ መንግሥት እንጀራ ነው። የቅኔው፥ የዜማውና የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ሊቃውንት የኖሩት በደብር ጉልትና ሪም ነው። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደሴት በደቅ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ፥ ከእመቤታችን እግር በታች ተደፍተው ተሥለዋል። በኤስኮሪያል መቅደስ በስተቀኝና በስተግራ የካርሎስ 5ኛና የፊልጶስ 2ኛ ቤተ ሰቦች ከነሐስ ተሠርተው ተንበርክከው ይታያሉ። በሁለቱም ስፍራ ንጉሥ ሰጪ ሆኖ ሳለ ራሱን ለማኝ አድርጎ ማሣሉ፥ የስጦታው ሰንሰለት እስከ ሰማይ እንደሚደርስ ለማስተማር ነው።

የሠዓሊው ዕድል ግን በሁለቱ አገሮች የተለያየ ነው። ቬላስኬዝ በ1623 የንጉሥ ሠዓሊ ሆኖ፥ በ1659 የቅዱስ ያዕቆብ ማኅበር ፈረሰኛ ተብሎ ከመኳንንት ተቈጠረ። የናርጋንና የደብረ ብርሃንን ሥዕሎች ለመሥራት የደከመውን እጅ ግን የምናውቀው በሥራው እንጂ በማዕረጉ አይደለም።

የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን

በ1730 ዐፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ 2ኛ ሕፃን ነበሩ፤ እናታቸው ምንትዋብም ብርሃን ሞገሳ ተብለው ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጫኑ። የቋራ ዘመዶቻቸውን ሾሙ፤ ወንድማቸው ወልደ ልዑል ራስ ቢትወደድ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ 1767 ድረስ የመንግሥቱን ሚዛን ጠበቀ። ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን አሠርተው በሰፊ ጉልት አከበሩ። ዐፄ ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ በግምጃ ቤት የተገኘው ገንዘብ ጥቂት ብቻ ነበር ይባላል። ስለዚህ ብዙዎች እቴጌይቱን በማባከን ይወቅሷቸዋል።

ነገር ግን ዘመድ መሾም፥ ደብር መትከልና ጉልት መስጠት ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ሁሉ የሠሩት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የእናታቸውን ልጅ ሥዕለ ክርስቶስን ራስ አድርገው ጎጃምን ሰጥተውት አልነበረምን? እያንዳንዱ ንጉሥ የራሱን ደብር ሲተክል፥ የቀድሞዎቹን ጉልት መንካት ስለማይችል፥ የሚሰጠው መሬት በየትውልዱ እየጠበበ ሄደ። ምንትዋብ የደረሱት ሒሳቡ በሚታሰብበት ዘመን ነው።

ሁለተኛው ነገር ሽረቱ መቋረጡ ነው። ወልደ ልዑል ሚዛን የጠበቀው ሹማምንትን ባለማስቀየም ነበር፤ በዚህ መካከል ሚካኤል ስሑል ለብዙ ዘመን ሳይነቀል ትግሬን ይዞ፥ ከምጽዋ በኩል የሚመጣውን ነፍጥ ሰበሰበ። ለዐፄ ኢዮአስም የእናታቸው የወሎ ዘመዶች እንደ ቀደሙት የቋራ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ ሲሾሙ፥ ሁለቱ ወገኖች ተጣሉ። ይህን የነገድ ጥል ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የሁለት ባለሟል ቤቶች ጥል ነው፤ አንዱ የተሾመበትን መንገድ ሌላውም ተከተለ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም። በ1768 አስታራቂ ይሆናል ተብሎ የተጠራው ራስ ሚካኤል በ1769 ንጉሡን አስገደለ።

ፍጻሜ

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ትምህርቱን ግልጽ ያደርገዋል። ነገሥታቱ በጎንደር አልጠፉም። ዙፋኑ፥ መጋረጃው፥ የማዕረጉ ስሞች ሁሉ ነበሩ። ከ1779 እስከ 1800 ባለው ጊዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወረዱ፤ ሕዝቡም ፍጻሜ መንግሥት ብሎ ጠራቸው። ጉልት የመስጠትና ሹመት የመንሣት ሥልጣን ግን ወደ ራሶቹ፥ በተለይም ወደ የጁ መሳፍንት ተሻግሮ ነበር። ብቻውን የተወደደው አገልጋይ የሚወደውን ጌታ ራሱ የሚመርጥ ሆነ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ቃል ሳይሻር፥ የማይከሰሰው ንጉሥ የሚሰጠውም የሚነሣውም አጣ።

ዐፄ ዘድንግል በዐጭር ዘመናቸው ሰው ሁሉ ወታደር ይሁን፥ ግብሩ ከመሬት ይከፈል ብለው ማወጃቸው የሚታወስ ነው። ይህ አሳብ የባለሟል ሠራዊትን ጥቅም ስለ ነካ ከመውደቃቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። ከ250 ዓመት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ገደማ የአብያተ ክርስቲያናትን መሬት ለሠራዊታቸው ለማድረግ ሲነሡ፥ ያንኑ ቋጠሮ ሊፈቱ ነበር፤ የካህናቱም ልብ ከእርሳቸው ራቀ። ቋጠሮው ፈጽሞ የተቈረጠው በ1975 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰጪውም ንጉሥ አልነበሩም።

እንግዲህ ሁለቱን ቤተ መንግሥታት አነጻጽረን ስናበቃ የምንደርስበት ውሳኔ ይህ ነው። የጎንደር ነገሥታት ከእስፓኝ ነገሥታት በክብርም በጥበብም በአምልኮም ያነሱ አልነበሩም። የጐደላቸው የሰጡትን የሚያስታውስ የራሳቸው መዝገብና የሾሙትን በጊዜው የሚሽር ክንድ ነው። መንግሥት በመስጠት ይወደዳል፤ የሚጸናው ግን የሰጠውን ሲያውቅና መልሶ መጠየቅ ሲችል ነው። የዘመነ መሳፍንትን መነሻ የሚመረምር ተማሪ የግለሰቦችን ጥፋት ከመቍጠሩ አስቀድሞ በየደብሩ የወርቅ ወንጌል የተጻፉትን የጉልት ጽሑፎች ቢቈጥር፥ ለታሪካችን የሚበልጥ አገልግሎት ያበረክታል።